ወተት ቀማሽ ሆኜ የታመምኩበት ዓመት

ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ወተት የሚረከብ ቤት አለ። እኔ እዚያ ቀማሽ ነኝ። ሰው ሥራዬን ጠይቆኝ «ወተት እቀምሳለሁ» ስል ይስቃል፤ «ታድለሽ!» ይለኛል። ሥራው ግን ጨዋታ አይደለም። የሊበን ገጠር ሴቶች ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በእግር፣ በአህያ፣ አንዳንዶቹም በአይሱዙ ጭነት ላይ ሆነው ወተታቸውን ያመጣሉ። የሁሉም ወተት አንድ በርሜል ውስጥ ይቀላቀላል። ከመቀላቀሉ በፊት የእያንዳንዷን ዕቃ ክዳን ከፍቼ አሸታለሁ፤ ካጠራጠረኝ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እልሳለሁ። አንድ ያደረ ወተት ካመለጠኝ በርሜሉ በሙሉ ይበላሻል። ያን ጊዜ የሚፈሰው የአንዷ ድካም ብቻ ሳይሆን የሁሉም ነው።

ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ዓይነ አፋርም ነኝ። ልጅ ሳለሁ እንግዳ ቤት ከገባ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ እደበቅ ነበር፤ አድጌም ቢሆን ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል። ይህን ሥራ የወደድኩት ለዚህ ነው። ቀማሽ ብዙ መናገር አይጠበቅባትም። ራሴን ወደ ታች ከነቀነቅኩ ወተቱ ገባ፤ ወደ ጎን ካወዛወዝኩ ተመለሰ። አፍንጫዬ ነበር የሚናገርልኝ። በደንብ በወይራ የታጠነ ዕቃና ለይስሙላ የታጠነ ዕቃ፣ ዝናብ ዘንቦ አዲስ ሣር የበላች ላም ወተትና ደረቅ ሣር ስትነጭ የከረመች ላም ወተት፣ ሁሉም ለእኔ የተለያየ ሰው ድምፅ ነበር።

የቤቱን ባለቤት ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሳቸው ግን ነገሌ ተወልደው ነገሌ ያደጉ ሰው ናቸው። ኦሮምኛቸው እንደ አገሬው ነው። ሲቆጡ ብቻ አማርኛ ይቀናቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ስንገባ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወሩ አዳምጠን የውሏችንን ነገር እንገምታለን።

ሌላዋ ባልደረባዬ የወተት ዕቃዎቹን የሚያጥቡትና የሚያጥኑት ሴት ናቸው። ሜጋ መንገድ ዳር ሻይ እየሸጡ ያደጉ፣ የሾፌር ሁሉ ቀልድ የለመዱ፣ ለቀልድም መልስ የማያጡ ሴት ናቸው። «እትዬ» እንላቸዋለን። ጋሼን እንኳ በዕድሜ ስለሚበልጡ «አንተ» ይሏቸዋል። ከእኛ ሌላ በርሜል የሚያነሱና መኪና ላይ የሚጭኑ ሁለት ወንዶች አሉ።

ከሁሉም ጋር ተስማምቼ እሠራ ነበር። እህቴ እስክትሞት ድረስ።

ታላቅ እህቴ ወደራ ከተማ ነበር ያገባችው። እናቴ ገበያ ለገበያ ስትዞር እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፀጉሬን ስትሠራኝ «አትንቀሳቀሺ፣ አንገትሽን ነው የምሠራው!» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። በወሊድ ሞተች። ልጅቷ ተረፈችና እናቴ አቅፋ ወደ ነገሌ አመጣቻት። ጋሼ ለቅሶ መጥተው ከእናቴ አጠገብ ብዙ ተቀመጡ፤ እትዬም ውኃ ሲቀዱ፣ እንግዳ ሲያስተናግዱ ሰነበቱ። ሐዘኑ ሲያበቃ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ማንም ነይ አላለኝም፤ ማንም ቆዪ አላለኝም። ሌላ የት እንደምሄድ ስላላወቅኩ ብቻ ነው የሄድኩት።

መጀመሪያ የጠፋው እንቅልፌ ነው። ከዚያ የምግብ ጣዕም ጠፋ፤ የምበላው ሁሉ አመድ የቃምኩ ያህል ይሆንብኝ ጀመር። ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩን አያለሁ እንጂ ቃሉ አይደርሰኝም። ዕቃ ለማንሳት ሄጄ ለምን እንደሄድኩ ረስቼ ቆሜ እገኛለሁ። ውኃ ባለበት ቦታ ማልቀስ ለመድኩ፤ ፊቴ ቢርስ ማንም አይጠይቀኝማ። አንዳንድ ቀን ባልነጋ ብዬ እመኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሕመም መሆኑን ራሴም አላውቅም ነበር፤ ሐዘኑን መቻል ያቃተኝ፣ ከሰው ሁሉ የባስኩ ደካማ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ።

ሰው አልጠየቀኝም እንዳልል በየጠዋቱ ይጠይቁኝ ነበር። በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው።

«ናጋ ቡልቴ?»

«ናጋ።»

«ቤቱ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሕፃኗ ናጋ? እናትሽ ናጋ?»

«ናጋ፣ ናጋ።»

ሰላም አደርሽ ወይ፣ ሁሉ ሰላም ነው ወይ ነው ጥያቄው። መልሱ ሁልጊዜ ሰላም ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ናጋ ይላል፤ የሞት መርዶ ይዞ የመጣም ናጋ ይላል። እርግማን እንዳይጠራ ነው ይባላል፤ እኔ እንጃ። ብቻ የአገሬው ሰው ሰላምታው ስላለቀ ብሎ አይነሳም። ትንሽ ዝም ይልና አድማጩ «ኦዱ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወሬው ምንድን ነው ማለቱ ነው። እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። አንዳንዱ በሬ እንደጠፋበት ይናገራል፤ አንዳንዱ አባቱ እንደታመሙ። ሥራ ላይ ግን እንዲህ አልነበረም። ጠዋት አይሱዙው ጥሩንባውን እየነፋ ይደርሳል፤ ሴቶቹ ፀሐይ ሳይበረታ አራግፈው መመለስ ይፈልጋሉ። ሰላምታውን ይዘን ኦዱውን ትተነው ነበር። እኔም ናጋ ብዬ ወደ ዕቃዬ እዞራለሁ።

የአፍንጫዬን ነገር ግን ናጋ ብዬ ልሸፍነው አልቻልኩም። አንድ የሚያቃጥል ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወተታችንን የሚገዙት የከተማው ባለ ሻይ ቤቶች እየተከታተሉ መጡ። «ወተቱ ሲፈላ ተቆራረጠ» አሉ። ጋሼ በርሜሉን ከፍተው አሸተቱ። ከዚያ እኔን አዩኝና በአማርኛ ተናገሩ።

«ይህን አሽተሽ ነው ያሳለፍሽው?»

«አዎ።»

«ጉንፋን ይዞሻል?»

«አልያዘኝም።»

«ታዲያ አፍንጫሽ የት ሄደ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም እሱን ነበር የምፈልገው። የሁሉም ሴት ወተት አንድ ዓይነት፣ ሁሉም እንደ ውኃ ሆኖብኝ ነበር። ተሸካሚዎቹ በርሜሉን ይዘው ወጥተው ከኋላ ሲደፉት ቆሜ አየሁ። ከዚያ በኋላ በጣም እጠነቀቃለሁ ብዬ ያንዱን ዕቃ ደጋግሜ ሳሸት ሰልፉን አቆመዋለሁ፤ ሴቶቹ ያጉረመርማሉ። እንደዚያም ሆኖ ሳምንቱ ሳያልቅ ሌላ በርሜል ተበላሸ።

ከወተት አምጪዎቹ መካከል አንዷ ድምፀ ከፍተኛ ሴት አለች። ሰልፉ ላይ ቆማ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ይህችን ልጅ ጂኒ ይዟታል» አለች። «እያየችኝ አታየኝም። እኔ ወተቴን በእሷ እጅ አላስነካም። ነገ ላሜ ላይ ቢያልፍስ?» ሌሎቹም ዕቃቸውን ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉ። ከስድቡ ይልቅ ያ አቆሰለኝ።

በማግሥቱ ጋሼ ጠሩኝ። አልጮኹም። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ነበር የተናገሩት።

«ነገ አትምጪ። እኔ አንቺን ጠልቼ አይደለም። ግን ወተት ላይ የታመመ ሰው ማቆም አልችልም። ሴቶቹ ሊሸሹኝ ነው። ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

«እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ከሥራ ላባረሩኝ ሰው እግዜር ይስጥልኝ ማለቴን እትዬ ዛሬም እያነሱ ይስቁብኛል። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። በራሴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕፃኗ። ሠራተኛ ሁሉ ማታ ሲወጣ ለቤቱ ወተት ይዞ የሚሄድበት ልማድ አለን። የእህቴ ልጅ የምታድገው በዚያ ወተት ነበር። እናቴ በገበያ የምታገኘው ለእሷና ለእኔ እንኳ አይበቃም። ደግሞ ነገሌ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ «ጂኒ ይዟት የተባረረች» የምትባል ልጅ ማን ቤቱ ያስገባታል?

ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ እትዬ ከኋላዬ መጡ። እጃቸው ገና የወይራ ጭስ ይሸት ነበር ይሆናል፤ ለእኔ ግን አልሸተተኝም። በሩ አጠገብ የተደፋ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉና ሌላውን ሳጥን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«ተቀመጪ፣ ኢንታላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

ተቀመጥኩ።

«ናጋ ዋልሽ?»

«ናጋ።»

«ቤቱ ናጋ?»

«ናጋ።»

ከዚያ እትዬ ዝም አሉ። እንደ እሳቸው ያለች ሴት ዝም ስትል ታስፈራለች። ባጃጆች ሲያልፉ፣ አንድ ፍየል የካርቶን ቁራጭ ስታኝክ እያየን ቆየን። በመጨረሻ «ኦዱ?» አሉኝ።

እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። እንቅልፉን፣ አመዱን፣ ባልነጋ ማለቴን፣ ሁሉንም አወራሁ። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየደባለቅኩ፣ እያለቀስኩ አወራሁ። እትዬ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ነጠላዬን ይዘው አፍንጫዬን ጠረጉልኝ።

«ይህ ሁሉ ተከማችቶ ነው በየጠዋቱ ናጋ የምትይኝ? እኔስ ብሆን፤ ስንት ዓመት የኖርኩ ሴትዮ፣ ሰምቼ አለፍኩ።»

«ጂኒ ይሆን እንዴ እትዬ?»

«ጂኒማ ቢሆን በምን ዕድላችን! ጂኒ ወተት ይወዳል፤ የጎመዘዘውን ይለይልሽ ነበር።»

ሳላስበው ሳቅኩ። ከእህቴ ሞት ወዲህ ያ የመጀመሪያ ሳቄ መሰለኝ።

ሐኪም ቤት ይዘውኝ ሄዱ። የአእምሮ ሕክምና ከሚሰጥበት ክፍል ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ። ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ጎትቼ ተቀመጥኩ። ቀና ስል አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንደ እኔው ተሸፋፍኗል። አንዷ በሻሽዋ፣ አንዱ በጋቢው፣ አንድ ሾፌር የሚመስል ሰው ደግሞ በኮፍያው። እትዬ ዞር ዞር ብለው አዩንና «እዚህ ቤት ሁሉም ሙሽራ ነው እንዴ?» አሉ። ባለ ጋቢው ከውስጥ ሲስቅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ነርሱ ወጣት ልጅ ነበር። በአማርኛ ጠየቀኝ፤ እንደ ጨነቀኝ ሲያይ ኦሮምኛ አደረገው። ሐዘን ሲሰነብት ወደ ሕመም ሊለወጥ እንደሚችል፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን እንደሚወስድ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ጣዕምና ሽታም እንደሚያደበዝዝ አስረዳኝ። «ስንፍና አይደለም» አለኝ። «እግርሽ ቢሰበር ለምን አልሮጥኩም ብለሽ ራስሽን ትሰድቢያለሽ?» መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በየጊዜው እየመጣሁ እንዳወራውም ቀጠረኝ። መታመሜንም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ጠበል ይዛልኝ መጣች። ጎረቤታችን የሆኑት ሙስሊም እናትም እቤት መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉልኝ። አንዱንም አልመለስኩም። መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ ጠበሉን ጠጣሁ፣ ለዱዓውም አሜን አልኩ። ለሁሉም አመሰግናለሁ።

ሥራው ግን ቀርቶ ነበር። እኔ እንደተጻፈልኝ ልቀበለው ተዘጋጅቻለሁ፤ እትዬ ግን እምቢ አሉ። የሠራተኛ ጉዳይ የሚታይበት ጽሕፈት ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ነገሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ቢሮ መኖሩን አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። «እትዬ፣ ጋሼ እኮ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልከሳቸው አልፈልግም» አልኳቸው። «ማን ይከሳል?» አሉኝ። «እኛ ወሬ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

የተቀበለችን ሴት መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ናት። ማራገቢያዋ ተበላሽቶ በካርቶን ታራግብ ነበር።

«ከመሰናበትሽ በፊት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል?»

«አልተሰጠኝም።»

«የሕመም ፈቃድ ጠይቀሽ ነበር?»

«እንዳለ አላውቅም ነበር።»

ካርቶኑን አስቀመጠችና አየችኝ። እንደማልጠቅም ሰው ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ነበር ያየችኝ፤ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሕጉ የታመመ ሠራተኛ የሚታከምበትን ፈቃድ እንደሚሰጠው፣ ቀጣሪ ታመምክ ብሎ በማግሥቱ ሊያሰናብት እንደማይችል ነገረችኝ። ይህ በአዋጅ የተጻፈ የእኔ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ሳላውቀው ስንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ከዚያ ስልክ አነሳችና ጋሼን ጠራቻቸው።

ጋሼ ባጃጅ ይዘው ደረሱ፤ ላብ አጥምቋቸዋል። እትዬን ሲያዩ ደነገጡ።

«እትዬ፣ እርስዎም ከሰሱኝ?»

«እኔ ምን ብዬ ነው የምከስህ? ከተማ ልጎበኝ ወጥቼ ነው» አሉ እትዬ።

ሴትዮዋ የሐኪም ቤቱን ወረቀት አሳየቻቸው። አነበቡ፤ መልሰው አነበቡ። «እሺ፣ ታምማለች» አሉ። «እኔም እኮ ይህንኑ ነው ያልኩት። የታመመ ሰው እንዴት ይቀምሳል?»

«ተሸካሚህ ወገቡን የታመመ ጊዜ ምን አደረግክ?» አሉ እትዬ።

«አሳከምኩታ።»

«ሥራውንስ?»

«ቦታውን ጠብቄ መለስኩት። በርሜል ሲያነሳ ነው የተጎዳው፤ ደግሞ ወገብ ነው!»

«የእሷስ?»

«የእሷማ...» አሉና ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ጭንቅላት አነሱ። ከዚያ ጣታቸውን አዩት። ቀስ ብለው መልሰው አወረዱት።

ሴትዮዋ ያልጨረሱትን ነገር አነሳችው። «ሕጉ ሕመም ይላል። ከአንገት በላይና ከአንገት በታች ብሎ አይከፍለውም።»

ጋሼ ግን የሚሉት ነበራቸው፤ እውነትም ነበር። «ወተቱስ? ሰው የሚጠጣው ነው፤ ሕፃን የሚጠጣው ነው። ነገ ደግሞ ቢበላሽ በማን ይፈረዳል?»

«በእሱ ልክ ነዎት» አለቻቸው። «እስኪሻላት አትቅመስ። አትቅመስ ማለትና አትሥራ ማለት ግን ይለያያሉ። መጀመሪያ ትታከም። ስትመለስ ዕቃ ታጥባለች፣ ታጥናለች። ለቅምሻው ደግሞ ሁለት ሰው ያድርጉ፤ አንዱ ሲታመም አንዱ ይኖራል።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ ተበደለ ሰው፣ «እኔ በየጠዋቱ ጠይቄሻለሁ እኮ!» አሉኝ። «ናጋ ነው ያልሽኝ። እኔ ምን ላውቅ?»

እኔ እግሬን አየሁ። የመለሱላቸው እትዬ ናቸው።

«አንተ ነገሌ ተወልደህ ነው ናጋ ላይ የምታቆመው? አባትህ ቢሰሙህ!»

ውጭ አንድ ሾፌር መኪናውን ሊያስነሳ ይሞክራል፤ አልነሳ ይለዋል። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩና፣ ሲቆጡ የሚተዉትን ኦሮምኛ መልሰው ይዘው፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ኦዱ?» አሉኝ።

ለእትዬ እንደነገርኳቸው ሁሉንም መናገር አልቻልኩም። «እህቴ» ብቻ ነው ያልኩት።

«አውቃለሁ» አሉ። «ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ያለፈ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ለእኔ አላለፈም፣ ጋሼ።»

በሕይወቴ ለአለቃ የመለስኩት የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታከሚና ተመለሺ» አሉ። «ወተቱን ማታ ማታ ለሕፃኗ በሰው እልካለሁ።» ስለ ሕፃኗ እኔ አላነሳሁም፤ ሴትዮዋም አልጠየቀችም። እሳቸው ናቸው ያሰቡት። ለዚህ ነው ሰው ጋሼን ሲያማ መስማት የማልወደው።

መዳን እንደ ዝናብ ድንገት አልመጣም። መጀመሪያ መድኃኒቱ አፌን አደረቀው፤ ቀን ያስተኛኝ ነበር። ነርሱ ጋ እየሄድኩ ስነግረው አስተካከለልኝ። እንቅልፍ ተመለሰ። ቀጥሎ ቁጣ ተመለሰ፤ እናቴ ሻይ ላይ ስኳር አበዛች ብዬ ስጮህባት ደስ አላት። «ተመስገን፣ ሰው ሆነች» አለች።

ወደ ሥራ ስመለስ አንደኛው ተሸካሚ፣ ባለ ወገቡ፣ በሩ ላይ ተቀበለኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ፤ ጠጋ ብሎም «አንቺ ሳትኖሪ ጋሼ ራሳቸው ነበሩ የሚቀምሱት። ጢማቸው ላይ የቀረው ወተት ብቻ አንድ ቤተሰብ ይመግባል» አለኝ። ከእሱ ጋር ብዙ አውርተን አናውቅም ነበር። በኋላ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ወገቡን ታሞ የተኛ ጊዜ እሱም ግድግዳ እያየ ያለቅስ እንደነበረ ነገረኝ። «ስለ ወገቤ ሰው ይጠይቀኛል፤ ስለ ለቅሶዬ ማን ይጠይቃል?» አለ። ወንድ በመሆኑ ያንን እንኳ ለመናገር ከእኔ ይልቅ እንደ ተቸገረ ያን ቀን ገባኝ።

ከእትዬ ጎን ሆኜ ዕቃ አጠብኩ፣ አጠንኩ። ጠዋት አይሱዙው ሳይመጣ በፊት ሁላችንም ቁጭ ማለት ጀመርን፤ ማንም አላዘዘንም። እትዬ ሰላምታውን ይጨርሱና «ኦዱ?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬ የለም። ባለ ወገቡ «ኦዱዬ ረሃብ ነው፤ ዳቦ ይገዛልኝ» ይላል፤ ጋሼም «የአንተ ኦዱ መቼ ተለውጦ ያውቃል» ይሉታል። አንዳንድ ቀን ግን አንዱ ዝም ይላል፤ ያኔ ሌሎቻችን አንነሳም።

ለቅምሻው ጋሼ አንዲት የሰፈር ሴት ቀጠሩ። እኔን ለመተካት ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ሴትዮዋ ግን በመጣች በመጀመሪያው ቀን ጎተተችኝና «ያንቺ ወንበር የትኛው ነው? እሱ ላይ እንዳልቀመጥ» አለችኝ።

የወይራው ጭስ እንደገና የሸተተኝ አንድ ተራ ጠዋት ነው። ዕቃ እያጠንኩ ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ አፍንጫዬም አብሮ ነቃ። ለማንም ሳልናገር ዕቃውን አፍንጫዬ ላይ ደፍቼ ቆየሁ። እትዬ አይተውኛል፤ ሌላ ዕቃ አቀበሉኝ።

ነርሱ «አሁን ትችያለሽ» ያለኝ ሳምንት ወደ ቅምሻው ተመለስኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ወተቶቹ አንድ በአንድ ወደ ድምፃቸው ተመልሰው ነበር። መሐል ላይ አንድ ዕቃ ከፈትኩ። ከላይ መልካም ነው፤ ከሥር ግን የትናንት ወተት አለበት። ባለቤቷን አላውቃትም፤ ከሩቅ የመጣች፣ ትልቅ ሴት ናት። ራሴን ወደ ጎን አወዛወዝኩ። አላየችኝም ወይም እንዳላየች ሆነች።

«ይህ አይገባም፣ እናቴ» አልኳት። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ፤ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ምን አለው ወተቴ?»

«ያደረ ተቀላቅሎበታል።»

ሴትዮዋ ወደ ጋሼ ዞረች። «የሰማሁት እውነት ነው? ታማ የነበረችው ልጅ ይህች ናት? በእሷ ቃል ነው የምትመልሰኝ?»

ጋሼ የበርሜሉን ክዳን ሲገጥሙ ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያም ዕቃውን። አዲሷን ቀማሽ ጠርተው ያስቀምሷታል ብዬ ጠበቅኩ። ቢያደርጉት አልቀየምም ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አሉና በረጋ ኦሮምኛ ተናገሯት።

«አዎ፣ አሟት ነበር። እኔም ባለፈው ወር ወባ አሞኝ ነበር። ዛሬ ቀማሻችን እሷ ናት። ነገ ትኩሱን ብቻ ይዘሽ ነይ፣ እቀበልሻለሁ።»

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ዕቃዋን ከደነች። አዲሷ ቀማሽ ሳትጠራ መጥታ ከጎኔ ቆመች። እኔም የሚቀጥለውን ክዳን ከፈትኩ።